«ጨዋ» የሚለውን ቃል ለይቶ ማወቅ፣ በቦታው ማዋልና በእርሱ መመስከር

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ስለ ራሱ ከሚሰማቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ «ጨዋ» ነው። እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ካለ «ጨዋ ልጅ» ይባላል፤ ውኃ ይዞ ቀርቦ ካስታጠበ ይደገምለታል፤ ታላቁን ከተሳደበ ደግሞ ያው ቃል በአሉታ ይመለስበታል። ካደገም በኋላ ቃሉ አይለቀውም። ሲያገባ ሽማግሎች ይጠይቁበታል፤ ሥራ ሲገባ የሚያውቀው ሰው በምስክርነት ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ሲሞትም በቀብሩ ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይገባል። ይህን ያህል የሚያገለግል ቃል ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይነገራል፤ አንዱ ስለ ምግባር ሲናገር ሌላው ስለ ዘር ይሰማል፣ አንዱ ሰው አክባሪነትን ሲያመሰግን ሌላው ዝምታ የተመሰገነ ይመስለዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ቃሉን በንግግርም በጽሑፍም አስተካክሎ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ልጅ ለሚያሳድግ፣ ለሚሸመግልና ስለ ሌላ ሰው ምስክርነት ለሚጽፍ ነው።

አንደኛ፦ የትኛው «ጨዋ» እንደተነገረ መለየት

ቃሉን ከመጠቀም በፊት ከጀርባው ያለውን ረጅም መንገድ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዛሬም አሮጌዎቹ ትርጉሞች ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። የቋንቋ ምሁራን ቃሉን ከግእዙ «ፄዋ» ጋር ያያይዙታል። ፄዋ ምርኮ ማለት ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት በአማርኛ «ምርኮን ማረክህ» ተብሎ የሚነበበው ቦታ በግእዙ ከዚሁ ሥር በወጡ ቃላት የተነገረ ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ መጠሪያ ሆነ። ነገሥታቱ እነዚህን ጭፍሮች በየግዛቱ ያሰፍሯቸው ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1426 እስከ 1460 የነገሠው፣ ደብረ ብርሃንንም የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጨዋ ጭፍራ በየአገሩ ካሰፈሩት ነገሥታት አንዱ ነው። የንጉሥ ወታደር መሆን ክብር ስለነበረው፣ የምርኮኛ መጠሪያ የነበረው ቃል ቀስ በቀስ የክብር ስም ለመሆን የበቃው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በሁለት አቅጣጫ ሄደ። በቤተ ክህነት አነጋገር ጨዋ ማለት ክህነት የሌለው፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልተማረ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ የድጓ መምህር «እሱ እኮ ጨዋ ነው» ቢሉ እያመሰገኑ ላይሆን ይችላል፣ አልተማረም ማለታቸው ነው። በአለማውያን ዘንድ ግን ጨዋ በትውልዱ ነጻ የሆነ፣ ባለ ርስት፣ አባት አያቱ የሚቈጠር ሰው ማለት ሆነ። በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ርስት የሚጠየቀው ትውልድ ቈጥሮ ስለነበር፣ ቃሉ ከዘር ቈጠራ ጋር ተጣብቆ መቆየቱ አያስገርምም። አራተኛውና ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ትርጉም የምግባር ነው፦ ሰውን የሚያከብር፣ አንደበቱ የታረመ፣ እጁም ዐይኑም ሥርዓት ያለው።

እነዚህን አራት ትርጉሞች ለመለየት ቀላሉ ዘዴ የቃሉን ተቃራኒ መፈለግ ነው። ተናጋሪው በልቡ ከጨዋ ትይዩ ያቆመው ማንን ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ተቃራኒው ካህን ወይም የተማረ ከሆነ፣ ንግግሩ ስለ ትምህርት ነው። ተቃራኒው ባርያ ወይም ጠይብ፣ ማለትም ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ከሆነ፣ ንግግሩ ስለ ዘር ነው። ተቃራኒው ባለጌ ከሆነ ብቻ ነው ስለ ምግባር እየተነገረ ያለው። የነገሥታቱ ጨዋ ዛሬ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ በዕለት ንግግር አያሳስትም።

ይህን መለያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሳለሁ መንዝ ውስጥ አያቴ ቤት፣ ሸክላ እየሠራች የምትሸጥ አንዲት ሴት ትመጣ ነበር። አገሩ ብርድ ነውና አያቴ ምድጃው አጠገብ፣ ለእንግዳ በሚለቀቀው ቦታ ታስቀምጣት ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ጎረቤት መጥታ «እትዬ፣ እንዴት ከምድጃው ዳር ያስቀምጧታል? ጨዋ እኮ አይደለችም» አለች። አያቴ ጀበናውን እያወረደች «ካንቺ ቀድማ ደኅና አደራችሁ ብላኛለች» ብላ ዝም አለች። ጎረቤታችን ስለ ዘር ተናገረች፣ አያቴ ስለ ምግባር መለሰች፤ ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ ቃል ነበር።

የባርነት ሕጋዊ መሠረት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ የርስት ሥርዓትም በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አብቅቷል። ስለዚህ የዘሩ ትርጉም የቆመበት መሬት ዛሬ የለም፤ የቀረው ልማዱ ነው። በዕለት ንግግራችን ቃሉን ለምግባር ብቻ እንድናውለው አጥብቄ እመክራለሁ፤ «የጨዋ ዘር» የሚለውንም አነጋገር ከልጆች ጆሮ ማራቅ ይገባል፤ ምክንያቱም አንዱን ልጅ ያመሰገንን እየመሰለን አጠገቡ የተቀመጠውን የሸማኔ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ እንሰድብበታለን።

ሁለተኛ፦ ከጎረቤት ቃላት መለየት

ጨዋ፣ ደግ፣ ቸር፣ ትሑት፣ ቅን የሚሉት ቃላት በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ግን ምስክርነትን ያደበዝዛል። ደግ ሰው የሌላው ችግር የሚገባውና የሚረዳ ነው። ቸር ሰው ካለው ላይ እጁን የሚዘረጋ ነው። ትሑት ሰው፣ ግእዙ «ታሕት» ማለትም «ታች» እንደሚል፣ ከፍ ማለት ሲችል ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ነው። ቅን ሰው ደግሞ ነገር የማይጠነስስ፣ ልቡ ያልጠመመ ነው። የጨዋ ሰው ልዩ ጠባይ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ይላል፤ ጨዋ የሌላውን ሰው ክብር ይጠብቃል። ደግ ሰው ለተራበ እንጀራ ይሰጣል፤ ጨዋ ሰው ደግሞ እንጀራውን ሲሰጥ የተራበው ሰው እንዳያፍር አድርጎ ይሰጣል፤ «ብቻዬን መብላት ከበደኝ፣ እባክህ አብረኸኝ ቅመስ» ይለዋል። ደግ ሆኖ ጨዋ ያልሆነ ሰው አለ፤ ሰጥቶ በአደባባይ ያወራል። ጨዋ መስሎ ደግ ያልሆነም አለ፤ ንግግሩ የተሞረደ፣ አጎንባሽ፣ ነገር ግን ሁሉም ካንገት በላይ የሆነበት።

በጣም ከሚያሳስቱት ቃላት ዋነኛው «ይሉኝታ» ነው። ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ከሚል ስጋት የሚመጣ ነው፤ ዐይኑም የሚያየው ተመልካቹን ነው። ጨዋነት ግን የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ነው። ሁለቱ በሠርግ ቤትና በለቅሶ ቤት ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ሕዝብ አለና ሁሉም ሥርዓት ይይዛል። ልዩነቱ የሚታወቀው ተመልካች በሌለበት፣ ወይም ፊት ለፊት ያለው ሰው ሊጠቅምም ሊጎዳም በማይችልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድን ሰው ጨዋ ለማለት ሲታሰብ ራስን መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሰው ምንም ሊያደርግለት ከማይችል ሰው ጋር ሲሆን እንዴት ነው?

በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አንድ ማለዳ ያየሁት ነገር ይህን ያስረዳልኛል። በዕድሜ የገፉ ተሸካሚ አባት ሁለት ሻንጣ አንሥተው ሲንገዳገዱ፣ ጥሩ የለበሰ ጎልማሳ «ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!» ይላቸዋል። ያ ሰው ጥቂት ቆይቶ አንድ የሚያውቀው ባለ ሥልጣን ሲያገኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ሰላምታ ሰጠ። ሰላምታው ፍጹም ሥርዓት ያለው ነበር። ሆኖም ከሁለት ደቂቃ በፊት የሰማሁት ንግግር ስላለ፣ ስለዚያ ሰው ብጠየቅ ጨዋ ነው ብዬ አልመሰክርም። የእርሱን ቀጣይ ተራ የያዘች አንዲት ወጣት ግን «አባባ፣ ትንሿን እኔ ልያዝልዎት» ብላ ዕቃዋን አካፍላ ተሸከመች፤ የተነጋገሩትንም ዋጋ ሙሉውን ከፈለች።

ሦስተኛ፦ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ጨዋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ጨዋ ሰው፣ ጨዋ ሴት፣ ጨዋ ቤተሰብ ይባላል። ብዙ ሰው ሲሆን «ጨዋዎች» ከማለት «ጨዋ ሰዎች» ማለት ይቀላል። ስሙ ጨዋነት ነው፤ «በጨዋነት መለሰ»፣ «ጨዋነት የጎደለው አነጋገር» ይባላል፤ በክርክር ጊዜ ደግሞ «በጨዋ ደንብ እንነጋገር» የሚለው የተለመደ አባባል ነው። ተጫወተ፣ ጨዋታ የሚሉት ቃላት በድምፅ ቢመሳሰሉም በአጠቃቀም ሌላ መንገድ አላቸው፤ ጨዋን የሚያግዙት ግሦች «ነው» እና «ሆነ» ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ቃሉ በአንደኛ መደብ አይነገርም። «እኔ ጨዋ ነኝ» የሚል ሰው በዚያው ንግግሩ ምስጋናውን ያጣዋል፤ ቃሉ ሌላ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነውና። «ሥርዓት አውቃለሁ» ወይም «እንዲህ ማድረግ ያሳደጉኝ ሰዎች አላስተማሩኝም» ማለት ግን ይቻላል።

አራተኛ፦ ቃሉ በሥራ የሚታይበትን ቦታ ማወቅ

ልጅን «ጨዋ ሁን» ብሎ ማዘዝ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ አይነግረውም። ቃሉን ወደ ሥራ መለወጥና አንድ በአንድ ማሳየት ያስፈልጋል፤ በአገራችንም ሥራው የታወቀ ነው።

መጀመሪያ አጠራር ይመጣል። የማያውቁትን ታላቅ ሰው እርስዎ ማለት ይገባል፤ ግሡም አብሮ መሄድ አለበት፦ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እንዴት አደሩ። በባላገር ሽማግሎች መካከል «አንቱ» ዛሬም ይሰማል፤ ሲሰማም ክብር እንጂ መራቅ አይደለም። ጋሼና እትዬ ከአንተና ከአንቺም ከእርስዎም ጋር ይሄዳሉ፤ በቤተሰብ ውስጥ «ጋሼ፣ መጣህ?» ማለት ፍቅር ነው፣ ለማያውቁት ሰው ግን «ጋሼ፣ መጡ?» ማለት ይሻላል። ካህን አባ፣ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር የኔታ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አባባና እማማ ይባላሉ። ልጆችን ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው፣ ይህ አጠራር የልብስና የሥራ ደረጃ እንደማይጠይቅ ነው፤ ዘበኛው፣ ተሸካሚው፣ መንገድ የሚጠርጉት እናት ዕድሜያቸው የሚጠይቀውን አጠራር ያገኛሉ። አጠራርን ለባለ ሥልጣን ብቻ የሚያስተካክል ልጅ ያስተማርነው ፍርሃት ነው።

ቀጥሎ መነሣት አለ። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ይላል፤ የባላገሩ ሰው «ኖር!» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ እንዲቀመጡ ይለምናል። ይህ አጭር ልውውጥ ሁለት ጨዋነት አለበት፤ የሚነሣው ክብር ይሰጣል፣ የገባው ደግሞ ክብሩን ተቀብሎ ወዲያው ይመልሳል። ልጅ መነሣትን ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ትልቅ በሆነበት ቀን «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ማለትንም መማር አለበት። ተነሥተውለት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግማሹን ሥርዓት አልተማረም።

ከዚያ ማዕድ ነው፤ ሰው በብዛት የሚመዘንበት ቦታ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። እየተበላ ሰው ከገባ «እንብላ» ይባላል፤ የበላ ሰው «ይባረክ» ይላል። አስተናጋጁ ደጋግሞ ይጋብዛል፤ እንግዳው በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ አይቀርብም። ሆኖም ጨዋ አስተናጋጅ መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ሰው በዕለቱ ጾመኛ ሊሆን ይችላል፣ ሕመም ሊኖርበት ይችላል፣ ሃይማኖቱ ሊለይ ይችላል። በይፋትና በቀወት፣ በአንጾኪያና በኤፍራታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ናቸው፤ ለቅሶውንም ደስታውንም ይካፈላሉ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የሚደግስ ጨዋ ቤተሰብ ለሌላው ሃይማኖት ተከታዮች ከራሳቸው ወገን የሆነ አራጅ ይጠራል፣ ዕቃውንም ይለያል፣ ለብቻቸው ያስተናግዳል። ለድንገተኛ እንግዳ ደግሞ ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ይቀርብለታል፤ ለምን አልበላህም ተብሎ አይጠየቅም። በረመዳን ቀን ላይ ለሙስሊም እንግዳ ምግብ ማቅረብ፣ በዐቢይ ጾም ለክርስቲያን እንግዳ ወተት ማቅረብ ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ጨዋነት ግን ከማቅረብ በፊት ማሰብን ይጠይቃል።

ጉርሻም እንዲሁ ነው። ያጎረሰ ሁለተኛ ያጎርሳል፤ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል እየተባለ። የማይፈልገውን ሰው አፍ እስኪዘጋ ድረስ ማጉረስ ግን ፍቅር የሚመስል ጭነት ነው፤ በተለይ ሽማግሎችንና ሕመምተኞችን ያስቸግራል።

የብርድ አገር መሆናችንም በጨዋነታችን ላይ የራሱን ሥርዓት ጨምሯል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የመንዝ ደጋማ ቦታዎች ከዚያም ይበልጣሉ። በእንዲህ ያለ አገር ለእንግዳ ምድጃ ዳር መልቀቅ፣ ማታም የተሻለውን ባና ማልበስ ከምግብ የማያንስ ክብር ነው። ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚስተናገድ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚቀርብለት ቀዝቃዛ ውኃና ጥላ ነው። ሁለቱም መልካቸው ይለያይ እንጂ የሚሉት አንድ ነው፦ የመጣኸው ከምን እንደሆነ አስቤአለሁ።

አምስተኛ፦ በቃሉ መመስከር

ይህ ከደረጃዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው። ስለ አንድ ሰው የሚጠየቅ ሰው «ጨዋ ነው» ብሎ ብቻ ከመለሰ ጠያቂው ምንም አላገኘም፤ ይህ መልስ ስለ ሁሉም ሰው ይሰጣልና። ስለዚህ ምስክርነት ሲሰጥ ሦስት ነገሮችን መያዝ አለበት፦ በዐይን የታየ አንድ ሥራ፣ ሥራው ለማን እንደተደረገ፣ አድራጊውንም ምን እንዳስከፈለው።

ለምሳሌ ለጋብቻ የመጡ ሽማግሎች ስለ አንድ ወጣት ቢጠይቁ «የጨዋ ልጅ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ስለ አባቱ እንጂ ስለ እርሱ አይናገርም። በዚህ ፈንታ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ባለፈው ክረምት ከእርሻ ስንመለስ ጅረቱ ሞልቶ ነበር፤ ሁላችንም ተሻግረን ስንሄድ እሱ ወደ ኋላ ተመልሶ የማያውቃቸውን አሮጊት በጀርባው አሻገረ፤ ማታም ሲጠየቅ ዘገየሁ አለ እንጂ ለምን እንደዘገየ አልተናገረም።» ሽማግሎቹ «ጨዋ» የሚለውን ቃል ራሳቸው ይጨምሩበታል።

ስለ ሴት ልጅ ሲጠየቅ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት «ጨዋ ሴት» ማለት ድምፅዋ የማይሰማ፣ የማትመልስ፣ ቢበድሏትም የምትችል ማለት ሆኗል። ይህ ቃሉን ማጥበብ ብቻ ሳይሆን ሰውን መጉዳት ነው። መንገድ ላይ የተተናኰላትን ሰው ስም ጠርታ ለቤተሰቧ የተናገረች ልጅ ጨዋነት አልጎደላትም፤ የጎደለው ተተናኳዩ ነው። ይህ ሳይለይ «ጨዋ ልጅ እንዲህ አታወራም» ብሎ ዝም የሚያሰኝ ሰው፣ ቃሉን ለባለጌው መሸሸጊያ አድርጎ ሰጠው ማለት ነው። ልጆቻችንን ስናሳድግ ይህን ልዩነት በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል፤ የሰውን ክብር መጠበቅ የራስን ክብር አሳልፎ መስጠት አይደለም።

የምስክርነት ደብዳቤ ሲጻፍም መንገዱ ያው ነው። «መልካም ሥነ ምግባር ያለው፣ ጨዋና ታታሪ ሠራተኛ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ስለተደጋገመ አንባቢ ዘሎት ያልፋል። እንዲህ ቢባል ግን ይነበባል፦ «አብረን በሠራንባቸው አራት ዓመታት ተገልጋይ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲመልስ አላየሁም፤ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሲመጡ ቅጹን እንዲሞሉ ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ ጎን አስቀምጦ ይሞላላቸው ነበር።»

የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጅ ሰው ጊዜ ያጥረዋል፤ ቤተሰቡም በኀዘን ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው ታሪክ የተቀዳ ዐረፍተ ነገር ይገባል፦ «ሟች በሕይወት ዘመናቸው ደግ፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ።» ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የእርሳቸው ግን አይደለም። ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ከለቀስተኛው መካከል ሦስት ሰዎችን፣ አንድ ዘመድ፣ አንድ ጎረቤትና አንድ በሥራቸው የሚያውቃቸውን ሰው ለይቶ «ለእርስዎ ያደረጉልዎት ወይም ሲያደርጉ ያዩት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ «ወፍጮ ቤት ወረፋቸውን ለአራስ ቤት ይለቁ ነበር»፣ «የተበደርኳቸውን ገንዘብ አንድም ቀን በሰው ፊት አልጠየቁኝም»። እነዚህን ሁለት መስመሮች እንዳሉ ማስገባት ከአሥር ቅጽል ይበልጣል፤ ሰሚውም የሚያለቅሰው እዚያ ላይ ነው።

ስድስተኛ፦ በቃሉ መውቀስ

«ጨዋ አይደለህም» ከባድ ስድብ ነው፤ በአሮጌው ትርጉም ወደ ዘር ስለሚሻገር የተናገረው ሰው ስለ አንድ ቀን ጥፋት ሲያወራ የተነገረው ሰው ስለ እናት አባቱ ይሰማል። «አሳዳጊ የበደለው» የሚለውም ያው ነው፤ በሌሉ ሰዎች ላይ የሚወረወር ነውና ከቂም በቀር የሚያተርፈው የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ሲወቀስ ሥራው ይጠራ እንጂ ሰውየው አይፈረጅ፦ «ትናንት ለእትዬ የመለስከው መልስ ጨዋነት ይጎድለዋል፤ ይህ ካንተ አይጠበቅም» ማለት መመለሻ በር ይከፍታል። ቦታውም ከሰው ለይቶ፣ ለብቻ መሆን አለበት፤ በሰው ፊት ስለ ጨዋነት መውቀስ ራሱ ጨዋነትን ያጎድላል። ታላቅን መውቀስ ግድ ሲሆን «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብሎ መጀመር፣ ካልሆነም በእኩያቸው በኩል ማሳሰብ የአገሩ ልማድ ነው።

በችኮላ ወይም በንዴት ቃሉን በሰው ላይ ያዋለ ሰው ቶሎ ይመልሰው። የተነገረው በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም በእነዚያው ሰዎች ፊት ይሁን፤ በአደባባይ የተሰደበ ሰው በጓዳ ይቅርታ ሲጠየቅ ግማሹ ይቀርበታል። ነገሩ ዘርን የነካ ከሆነ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ይገባል፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ቃል የብዙ ዓመት ጎረቤታሞችን አለያይቷልና።

ሰባተኛ፦ ቃሉን መቀበል

ሰው «ጨዋ ነህ» ሲል መካድም መኵራራትም አያስፈልግም። «ያክብርልኝ» ወይም «እግዜር ያክብርልኝ» ይበቃል፤ ሙስሊሙም «አላህ ያክብርልኝ» ይላል። ታላቅ ሰው ካመሰገነ ራስን ጎንበስ አድርጎ መቀበል ነው።

አንድ ጉዳይ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አመስጋኙ በአሮጌው ትርጉም «የጨዋ ዘር መሆንህ ያስታውቃል» ቢል፣ አጠገባችን ደግሞ ይህ አነጋገር የሚያገልለው ሰው ቢኖር፣ ዝም ብሎ መቀበል በዚያ ሰው ላይ መተባበር ይሆናል። ታላቁን ሳያሳፍሩ፣ የተገለለውንም ሳይተዉ መመለስ ይቻላል። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ የምለው «ያክብርልኝ፤ ያሳደገኝ ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው፣ ሥርዓት ያስተማሩኝም እነዚህ ናቸው» የሚል ነው፤ ይህንንም ስል ወደ ሰውየው እዞራለሁ፣ በስሙም እጠራዋለሁ።